የቢሾፍቱ ጉዞ ከሽርሽር ይለፍ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ብዙ ትምህርት ቤቶችና መድረሳዎች ልጆቻችንን ወደ ቢሾፍቱ ይወስዳሉ። ልጆቹም ሐይቅ ዳር ተቀምጠው፣ ለስላሳ ጠጥተው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። የተቀመጡት እሳተ ገሞራ የከፈተው ጉድጓድ አፍ ላይ መሆኑን የሚነግራቸው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ይህ ገንዘብንም ዕድልንም ማባከን ነው።

የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች የተፈጠሩት በፍንዳታ ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ድንጋዩንና አፈሩን በትኖ ሰፊ ጉድጓድ ይተዋል። ኋላ ላይ ጉድጓዱን ውሃ ይሞላዋል። መምህሩ ይህንን እዚያው ቆሞ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በዚያው የጅቡቲ መንገድ እስከ መተሐራ መቀጠል የቻሉ ደግሞ ፈስሶ የረጋውን ጥቁር ድንጋይ በዓይናቸው ያያሉ፤ የፈንታሌ ተራራም ከፊታቸው ይቆማል።

«ይህ ለልጄ ምን ያደርግላታል?» የሚል ወላጅ ይኖራል። በ2017 ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ያኔ ሰዓት ቆርጦ «ዛሬ ማታ ይንቀጠቀጣል» የሚል ወሬ ብዙዎችን እንቅልፍ ነሳ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ሰው እንደሌለ የተማረች ልጅ ቤተሰቧን ታረጋጋለች።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ደግሞ በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ በአፍዴራ አካባቢ መንደሮች ላይ ወረደ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም ሕንድ ድረስ ደረሰ። በዚህ አንድ ክስተት የምድር ሥርዓት እንዴት እንደተያያዘ ይታያል። ከምድር ሆድ የወጣውን ነፋስ ተሸከመው፣ ሣሩ ላይ አረፈ፣ የአርብቶ አደሩ ከብት የሚግጠው አጣ። ይህ አመድ እንደ ምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ የውሃ ዕቃን መክደን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሰበቡን ማወቅ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይደለም። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ስናውቅ አጎበር ሰቀልን እንጂ ዱዓእ አልተውንም። ሰበቡን ሳያውቁ በተፈናቀሉ ወገኖች ላይ «ኃጢአታቸው ነው» ብሎ መፍረድ ግን ከአደብም ከእዝነትም የራቀ ነው።

ስለዚህ የመድረሳ ኮሚቴዎች ሆይ፣ አውቶብስ ስትከራዩ አንድ የጂኦግራፊ መምህርም አብራችሁ ጥሩ። መክፈል ያልቻለ ልጅ እንዳይቀር አዋጡ፤ ሴት ልጆችም ከወንድሞቻቸው እኩል ይሂዱ። ወላጆችም የጉዞ ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት «ማን ያስረዳቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።