የሥዕልና የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ባለቤት ይኑረው

የትምህርት ጉዳይ በገበሬ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የመማሪያ ክፍሎች ጣሪያ፣ የመምህራን መኖሪያና የልጆች ከትምህርት ገበታ መቅረት ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች መሆናቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው የቡና መንደሮች ስንዘዋወር ካየናቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዳንዶቹ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ተጽፎ እያለ በተግባር የሚዘለል አንድ ትምህርት አለ። ይኸውም የሥዕልና የእጅ ሥራ ትምህርት ነው።

ይህ ትምህርት ለጊዜ ማሳለፊያ የገባ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ በአንደኛ ደረጃ «ሥነ ውበት» በሚል ስም ሲሰጥ ቆይቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «የክወናና የእይታ ጥበባት» ተብሎ ራሱን ችሎ ገብቷል። ስሙ አለ፤ ክፍለ ጊዜውም አለ፤ የጎደለው ባለቤት ነው።

ባለፈው የትምህርት ዘመን ከሚዛን ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያየውን እዚህ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። የሁለተኛ ክፍል መምህርቷ ከወንዝ ዳር በጆንያ ጭቃ አስመጥተው ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቁትን ዕቃ እንዲሠሩ አዘዙ። ግማሾቹ ወዲያው ጭቃውን ያዙ፤ ግማሾቹ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ። ለምን እንደሆነ ቢጠየቁ አንዱ ልጅ «ይኼ የሸክላ ሠሪዎች ሥራ ነው» ሲል መለሰ። በክፍሉ ውስጥ እናቷ ሸክላ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች። ከኋላ ወንበር ተነስታ ማንም ሳይነግራት ጠጠሩን ለቀመች፣ ጭቃውን አሸች፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ትንሽ ጀበና አወጣች። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ጥቂት ቆይተው ግን እጀታው ሳይወድቅ እንዴት እንደሚጣበቅ ሊጠይቋት ከበቧት። በማግስቱ ጥቂት ወላጆች መጥተው «ልጆቻችንን ጭቃ ሊያስነኩብን ነው ወይ?» እያሉ መምህርቷን ወቀሷቸው። ከዚያ ወዲህ ጭቃ ወደዚያ ክፍል አልገባም። ክፍለ ጊዜውም ለሒሳብ ተሰጠ።

ሒሳብ መማሩ ባልከፋ። ነገር ግን ልጆቹ በዚያን ቀን የተማሩት ትልቁ ትምህርት የእጅ ሥራ የሚያሳፍር መሆኑን ነው። ያቺ ልጅ ደግሞ የተማረችው የእናቷ ሙያ ከትምህርት ቤት ደጃፍ እንደማያልፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛውን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ጉዳዩ ያልተቋጨ መሆኑ አዋጅ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። በዚያው ሸክላ በተሠራ ጀበና ቡናችንን እያፈላን፣ በሸክላ ምጣድ እየጋገርን፣ ሠሪዋን መናቅ ለማንም ክብር አይጨምርም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሠራው ጀበና ቡና አያፈላም። ይሁን እንጂ ልጅ የሚያቦካው እጁንና ዓይኑን ለማሠልጠን እንጂ ለእራት ብሎ አይደለም።

የዓይን ሥልጠና ለቡና ገበሬ ምን ያህል እንደሚጠቅም የማኅበር መሪዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። የቡና ቅርንጫፍ እንዲሥል የታዘዘ ልጅ ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት እንደሚወጡ፣ ፍሬውም በቅጠሉ ብብት ሥር ተሰብስቦ እንደሚያዝ ልብ ሳይል ሊሥል አይችልም። ቅጠሉን ገልብጦ ሲመለከት ብርቱካንማ ዱቄት የመሰለ ነገር ካገኘ የቡና ቅጠል ዝገትን አየ ማለት ነው። አረንጓዴውን፣ ቢጫውን፣ ቀዩንና የጠቆረውን ፍሬ በቀለም ለይቶ የሣለ ልጅ ነገ ለእጠባ ጣቢያ የሚቀርበውን ቀይ እሸት ቡና ሲለቅም አይሳሳትም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በገበሬው ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚያስታውስ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን የደበዘዘ ቅጠል ቀድሞ የሚያይ ዓይን ዋጋው ስንት እንደሆነ ይረዳል።

እኛ የልማት ሠራተኞችም ከዚህ የምንማረው አለ። በአንድ ሥልጠና ላይ ያልበሰለ ቡና መልቀም ክልክል መሆኑን ለማሳየት በአረንጓዴ ፍሬ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት የተደረገበት ሥዕል አቅርበን ነበር። አንድ አዛውንት ገበሬ ሥዕሉን ትክ ብለው ካዩ በኋላ «ቀይ ያደረጋችሁት ደርሷል ለማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ ቀይ ቀለም በቡና አገር ምን ማለት እንደሆነ ሳናስብ የሣልነው እኛ ነን። ሥዕልም እንደ ፊደል ይነበባል፤ ማንበብና መጻፍም በልጅነት ቢጀመር ይቀላል።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄን የላክሁት ማንበብና መጻፍ እንዲማር ነው፤ ሠዓሊ እንዲሆን አይደለም» ይላሉ። ስጋታቸው ሊናቅ አይገባም። ይሁንና በ«ለ» እና በ«ሉ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት አጭር ጭረት ናት። ከሰልና ጭቃ የለመደች እጅ እርሳስ ስትይዝ አትንቀጠቀጥም፤ ቅርጽን ከቅርጽ መለየት የለመደ ዓይንም ፊደል አያምታታም። ልጆች ሁሉ ሠዓሊ ይሆናሉ የሚል ተስፋ እዚህ ላይ አልተሰጠም። ቢሆንም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ያቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከቡና መንደርም ተማሪ እንዳያገኝ የሚከለክል ነገር የለም።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነጥብ አለ። ትንሽ ልጅ ሰው ሲሥል ትልቅ ራስ አድርጎ እግሮቹን ከራሱ ያወጣል። ይህን አይቶ የሚስቅ ወላጅ ብዙ ነው። ነገር ግን ይህ በየትኛውም አገር ያሉ ሕፃናት የሚያልፉበት ደረጃ ነው። ስለ ሕፃናት ሥዕል የጻፈው ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን የዕድገት ደረጃዎች በዝርዝር አሳይቷል፤ ልጆችን የተዘጋጀ ሥዕል ቀለም እንዲቀቡ ብቻ ማድረግንም ተቃውሟል። ስለዚህ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሣሉትን አበባ ስልሳ ልጆች ቢገለብጡት የሥዕል ትምህርት ተሰጠ ማለት አይቻልም።

ቁሳቁስ የለም የሚለው ምክንያትም በዚህ አካባቢ አያስኬድም። ከሰል በየምድጃው አለ። እርድ ቢጫ ቀለም ይሰጣል፤ ቀይ አፈር ከደጅ ይገኛል፤ የቡና ዝቃጭ ቡናማ ነው። ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ብሩሽ ይሆናል። የእንሰት ቃጫ፣ ቀርከሃና የደረቀ የሙዝ ቅጠል ለሽመናና ለጉንጉን ይበቃሉ። ቀፎ የሚሠሩ አባቶች፣ ሸክላ የሚሠሩ እናቶችም በየመንደሩ አሉ።

እንግዲህ ከገበሬ ማኅበራት መሪዎች ምን ይጠበቃል? ዛሬ በአስተዳደር ረገድ ቀበሌ ቢባልም ገበሬ ማኅበር የሚለው ስም በገጠሩ ሕዝብ አፍ ላይ አለ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዳስ ጥለው ያስተማሩ መንደሮች ዛሬ ይህን ማድረግ አያቅታቸውም።

በመጀመሪያ፣ በወላጆችና መምህራን ስብሰባ ላይ የሥዕሉ ክፍለ ጊዜ በትክክል ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የቡና ለቀማ ከትምህርት መጀመሪያ ወራት ጋር ስለሚገጣጠም ልጆች ከክፍል ወጥተው እንዳይለቅሙ፣ የሚያግዙም ከሆነ በዕረፍት ቀን ብቻ እንዲሆን ይወስኑ። ሦስተኛ፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀፎ ሠሪውን በማኅበሩ ስም ጋብዘው፣ የድካማቸውን ከፍለው፣ በሊቀ መንበሩ ፊት ልጆችን እንዲያስተምሩ ያድርጉ። አራተኛ፣ የልጆቹን ሥዕሎች በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። ነገር ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆች የታዘዘ ሥዕል እንዲሥሉ ማስገደድ አይገባም፤ ልጅ ያየውን ይሣል።

ከነዚህ ሁሉ ሦስተኛው ይቀድማል። ወላጆች መምህርቷን ሲወቅሱ ከጎናቸው የቆመ አንድ የማኅበር መሪ ቢኖር ኖሮ ጭቃው ከክፍሉ ባልወጣ ነበር። መምህርቷ እንግዳ ናቸው፤ ብቻቸውን የመንደሩን ልማድ ሊለውጡ አይችሉም። መሪው ግን የመንደሩ ሰው ነው፤ ቃሉ ይሰማል። በመጪው መስከረም ያቺ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ትገባለች። በዚያን ጊዜ ጭቃ የያዘውን ጆንያ ወደ ክፍሉ ተሸክሞ የሚገባው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሱ ቢሆን፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ የሚቆም ልጅ አይገኝም።