«አለቀለት» ከማለታችን በፊት

አትሌት ቀነኒሳ በቀለ በሮጠ ቁጥር የስፖርት ወዳጁ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ጉልበቱ አልቋል፤ ጫማውን ይስቀል» ይላል። ሌላው «ጉልበቱማ አለ፤ የከዳው ልቡ ነው፤ በራሱ መተማመኑን አጥቷል» ብሎ ይመልሳል። ይህ ክርክር በአዲስ አበባ ብቻ አይደለም የሚሰማው። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተማ ሻይ ቤቶችም ይነሣል፤ ከእሑድ አምልኮ በኋላ ወንድሞች ቆመው ሲጨዋወቱም ይነሣል። ስለ ሩጫ መከራከር ኃጢአት አይደለም። ሆኖም ክርክሩ ሰውን በምን እንደምንመዝን ስለሚያጋልጥ፣ በእግዚአብሔር ቃል ፊት ቆም ብለን ልናየው ይገባል እንላለን።

በመጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ፤ የውድድሮቹን ዓመታት የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የበቆጂው ልጅ በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር፣ በ2008 በቤጂንግ ደግሞ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂዎች በግል 11 ጊዜ አሸነፈ። በ2005 ብራስልስ ላይ በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ያስመዘገበው የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን 15 ዓመት ያህል ቆየ።

በዚያው የድል ዘመን ግን በ2007 ሞምባሳ ላይ በብርቱ ሙቀት ውድድሩን አቋርጧል። በ2011 ከረጅም ጉዳት ተመልሶ በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን ሳይጨርስ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ በዚያው ርቀት የዓመቱን ፈጣን ሰዓት ሮጠ። በማራቶንም እንደዚሁ ነው። በ2016 በርሊንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈ፤ በተከታዩ ጥር ዱባይ ላይ ገና ሲነሡ ወድቆ በኋላ አቋረጠ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጣ፤ በርሊን ላይ አቋረጠ። በ2018 አምስተርዳም ላይም ሳይጨርስ ቀረ። በ2019 ግን በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ፤ ከዓለም ክብረ ወሰን የለየው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። በ2023 ለንደን ላይ አቋረጠ፤ በ2024 በዚያው ለንደን፣ በ41 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ወጣ። ከአራት ወር በኋላ በፓሪስ ኦሎምፒክ 39ኛ ሆነ።

እንግዲህ ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ትክክል ነው? «አለቀለት» የሚሉት በ2011ም፣ በ2018ም፣ በ2023ም ብለው ነበር፤ በየጊዜውም ቃላቸው ብዙ ሳይቆይ ፈርሷል። «ልቡ ከዳው» የሚሉትስ ልቡን በምን አዩት? በአደባባይ የታወቀው የባትና የጅማት ጉዳት እንዳመላለሰው ነው። ልብን የሚያይ እግዚአብሔር እንደሆነ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ተምሯል (1ኛ ሳሙ. 16)። ነቢዩ እንኳ በቁመት ሊሳሳት ከቀረበ፣ እኛ በቴሌቪዥን መስኮት የሰውን ልብ ማንበብ ከየት አመጣነው?

በራስ መተማመን ዛሬ ብዙ የሚሰበክ ነገር ነው። በአነቃቂ ንግግሮች ይሰበካል፤ አንዳንዴም በእኛው መድረክ ከወንጌል ጋር ተቀላቅሎ ይቀርባል። መልካም ጎኑን አንክድም፤ ሁልጊዜ የሚፈራ ሰው ተሰጥኦውን ይቀብራል። ነገር ግን በውጤት ላይ የቆመ መተማመን ውጤቱ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ታላቁ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2010 በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱን ታሞ ሲያቋርጥ፣ በዚያው ዕለት በጋዜጠኞች ፊት ሩጫ ማቆሙን አስታወቀ። ከቀናት በኋላ ግን ውሳኔውን ለወጠ። በክፉ ቀን የተሰጠ ፍርድ ከራሳችን አፍ ቢወጣም የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለዚህ ነገር ከብዙዎቻችን ይልቅ በግልጽ ይናገራል። በእስያ ሳለ መከራው ከአቅሙ በላይ ሆኖ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እንደቆረጠ ለቆሮንቶስ ሰዎች አልደበቀም። ያ የሆነውም በራሱ ሳይሆን ሙታንን በሚያስነሣው አምላክ እንዲታመን እንደነበር ይነግራቸዋል (2ኛ ቆሮ. 1፥8-9)። ትንሽ ወረድ ብሎም ብቃቱ ከእግዚአብሔር እንደሆነ ይጽፋል (3፥5)። ስለዚህ የክርስቲያን ጥያቄ «በራሴ ምን ያህል እተማመናለሁ?» ከሚለው ያልፋል። «መተማመኔ ሲያልቅ የምደገፍበት ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መተማመን የጎደለው ሰው የታመነ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በ2019 በርሊን ላይ ብርሃኑ ለገሠና ሲሳይ ለማ ቀነኒሳን ጥለውት ሄደው ነበር። እርሱ ግን መሮጡን አላቆመም፤ ተራ በተራ ደረሰባቸው፤ አለፋቸውም። ያን ቀን እኛ ያየነው አንድ እግር ከሌላው ፊት ሲቀደም ነው። ብዙ ጊዜ ታማኝነትም ከዚህ የተለየ መልክ የለውም።

ኤልያስንም እናስብ። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ያወረደ ሰው፣ ብዙ ሳይቆይ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ለመነ (1ኛ ነገ. 18-19)። የዘመናችን ተመልካች ቢያየው «ቅባቱ ተነሣ» ይል ነበር። እግዚአብሔር ግን አስተኛው፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ደግሞም አስተኛውና መገበው። ንግግሩና አዲሱ ተልእኮ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የሰው ድካም ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ ሁሉም የእምነት ማነስ አይደለም። አንዳንዱ እንቅልፍ ማጣት ነው፤ አንዳንዱ ረሃብ፣ አንዳንዱም ሕመም ነው።

«ታዲያ ውጤት አይመዘን? ያልቻለው ሁሉ ይሰለፍ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም መልስ አለው። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ በመጀመሪያው የወንጌል ጉዞ ከጵንፍልያ አቋርጦ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። ሁለተኛው ጉዞ ሲመጣ በርናባስ «ይምጣ» አለ፤ ጳውሎስ «አይሆንም» አለ። ክርክሩ እስኪለያዩ ድረስ በረታ (15፥37-39)። ጳውሎስ ለዚያ ጉዞ የማይመለስ ሰው መፈለጉን አንነቅፍም። በስፖርትም ለቦታው ብቁ የሆነው ይሮጣል። በፓሪስ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ በምትኩ የገባው ታምራት ቶላ ነው፤ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ያመጣውም እርሱ ነው። ነገር ግን «ለዚህ ጉዞ አትሆንም» ማለትና «አንተ አትረባም» ማለት ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። የመጀመሪያው የኃላፊ ሥራ ነው፤ ሁለተኛውን ለማንም አልተሰጠም። በርናባስ ማርቆስን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ዓመታት አልፈው ጳውሎስ በእስር ሆኖ ሲጽፍ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ገልጾ እንዲመጣለት ጠየቀ (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። በርናባስ ባይኖር ኖሮ ያን ወጣት ማን ይዞት ይቆይ ነበር?

ወገኖች፣ ወደ ቤታችን እንመለስ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለን አማኞች ቁጥራችን ብዙ አይደለም፤ አንዱ ሲደክም ሁሉም ያያል። ዓምና ሲዘምር ጉባኤው ያለቀሰለት ወጣት ዘንድሮ ዝም ሲል «ምን ሠርቶ ነው?» እንላለን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በአገር ደረጃ ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። ስንቱ ልጅ «ወደቀ» የሚለውን ቃል እንደ ስሙ ተሸክሞ ወደ እናት አባቱ ቤት ገባ! ፈተናውን ወድቋል፤ እርሱ ግን ወድቆ የቀረ ሰው አይደለም።

ገበሬዎቻችን ከዚህ የተሻለ ጥበብ አላቸው። ዝናብ ያጠረበትን የስማዳ ቆላ ማሳ ባለቤቱ «ሞቷል» ብሎ አይጥለውም፤ ደግሞ ያርሰዋል። በጉና ተራራ ግርጌ ገብስ ሲመላለስበት የደከመውን መሬት ያሳርፈዋል፤ ያረፈው መሬት እንደሚያበቅል ያውቃል። ለማሳችን ያለንን ትዕግሥት ለልጆቻችንና ለአገልጋዮቻችን እንዴት እንነፍጋለን?

በተለይ አንድ ነገር እንድናርም እንለምናለን፤ እርሱም ውዳሴያችን ነው። ትናንት ወጣቱን «የዘመኑ ሰው፣ የተቀባው» ብለን ከሰማይ ጥግ ያደረስነው እኛ ነን፤ ዛሬ «አለቀለት» የምንለውም እኛው ነን። ሁለቱም የሚመዝኑት በአንድ ሚዛን፣ በመጨረሻው ውጤት ነው። ስለዚህ አገልጋይ ሲያገለግል እግዚአብሔርን እናመስግን፤ እርሱን ጣዖት አናድርገው። ሲደክም ደግሞ ስለ እርሱ ለሌላው ከማውራታችን በፊት ቤቱ ሄደን «በልተሃል? ተኝተሃል? አሞሃል?» እንበለው። የተገለጠ ኃጢአት ካለ በየዋህነት እናቅናው (ገላ. 6፥1)፤ ከሌለ ፈልገን አንለጥፍበት። ሽማግሌዎችም አገልጋዩ ሳይወድቅ በፊት የዕረፍት ጊዜ ይስጡት፤ ቦታውም ይጠበቅለት።

ጌታን ገና የምትፈልጉ፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወዳጆቻችንም አላችሁ። ምናልባት ሰዎች ስለ እናንተ «አበቃለት»፣ «አበቃላት» ብለው ይሆናል፤ ምናልባትም ራሳችሁ ብላችሁታል። ክርስቶስ የሞተልን ጥሩ አቋም ላይ ሳለን እንዳልሆነ ጳውሎስ በሮሜ 5 ያስተምራል፤ ደካሞችና በደለኞች ሳለን ነው። በውድቀታችን ቀን የወደደን ጌታ በሚቀጥለው ውድቀታችን አይተወንም። ወደ እርሱ ለመምጣት መጀመሪያ መተማመናችሁ እስኪመለስ አትጠብቁ፤ እንደደከማችሁ ኑ።

ቀነኒሳ ነገ ቢሮጥም ጫማውን ቢሰቅልም ለደስታችን ብዙ ዓመት ሮጧልና ምስጋናችን ይድረሰው፤ እንጸልይለትም። በዚህ ሳምንት ደግሞ እያንዳንዳችን «አለቀለት» ያልነውን አንድ ሰው ስሙን በእግዚአብሔር ፊት እንጥራ፤ ከዚያም ተነሥተን በሩን እናንኳኳ። እምነታችንን ጀምሮ የሚፈጽም ኢየሱስ ሁላችንንም እስከ መጨረሻው ያድርሰን። ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ፤ አሜን።