በሕዝብ ገንዘብ የተጠና ዕውቀት የማን ነው?

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ባስመረቀ ቁጥር የመመረቂያ ጽሑፎቻቸውን ይረከባል። መምህራኑም ስለ እንሰት፣ ስለ አፈርና ስለ ጤና ያጠናሉ። የዩኒቨርሲቲው ወጪ የሚሸፈነው ከመንግሥት በጀት ነው። ነገር ግን ጥናቱ በክፍያ በሚነበብ የውጭ መጽሔት ከወጣ፣ በቦሎሶ ሶሬ ወይም በዳሞት ጋሌ ያለ የግብርና ባለሙያ ስለ ራሱ ወረዳ የተጻፈውን ለማንበብ ዶላር ይጠየቃል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የቅጂ መብት ሕግ ነው። በእኔ እምነት ወቀሳው ሕጉን በቅጡ ካለማንበብ ይመጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐሳብን ወይም ግኝትን አይደለም። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማባዛትን፣ በተገቢው መጠን ለማስተማሪያ መጠቀምንም ይፈቅዳል። የግል ቅጂ ፈቃዱ ግን መጽሐፍን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍሉን እስከ ማባዛት አይደርስም። ተገቢም ነው። አንድን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ስካን አድርጎ በቴሌግራም መልቀቅ ዕውቀትን ማስፋፋት ሳይሆን የደራሲውን እንጀራ መንጠቅ ነው። ገበያው ጠባብ በሆነው በወላይትኛ ለሚጽፍ ሰው ጉዳቱ ይብሳል።

የዩኒቨርሲቲ መምህር ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ደመወዙን የሚከፍለው ሕዝብ ነው፤ ከመጽሔት ጽሑፉ የሚፈልገውም መነበብና መጠቀስ ነው፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው አሳታሚው ነው። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመስከረም 2012 ዓ.ም. ያወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ጽሑፎች፣ የመመረቂያ ጥናቶችና መረጃዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ፖሊሲ ከአሳታሚ ጋር የተፈረመን ውል አይሽርም። ስለዚህ መምህሩ መብቱን ጠቅልሎ ከማስረከቡ በፊት፣ ቅጂውን በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር የማስቀመጥ መብቱን በውሉ ላይ ማስጠበቅ አለበት። ዩኒቨርሲቲውም ለማዕረግ ዕድገት ሲያወዳድር ይህን መጠየቅ ይገባዋል።

የሚዘነጋ ሦስተኛ ወገንም አለ። የእንሰት ዝርያዎችን ለይታ የምታውቀው የወላይታ እናት የዕውቀቱ ምንጭ ናት። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን ዕውቀት ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። የጤፍ ነገር ትምህርት ሊሆነን ይገባል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ያገኘውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ውድቅ ያደረገው አዲስ ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለውም ብሎ ነው። በባለቤቱ ፈቃድና ስም፣ ከነቀኑ ተመዝግቦ በግልጽ የወጣ ዕውቀት ለሌላ ሰው እንደ አዲስ ፈጠራ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ግልጽነት ራሱ ጥበቃ ይሆናል።

እንግዲህ ሚዛኑ አንድ አይደለም። ከብዕሩ የሚኖር ደራሲ ይከፈለው፤ የማኅበረሰቡ ዕውቀት በማኅበረሰቡ ፈቃድ ይውጣ፤ ሕዝብ አንድ ጊዜ የከፈለበት ጥናት ግን ዳግመኛ አይሸጥለት።