ልጄ ለምን አይቆጥብም?

ልጄ ኦቲዝም አለበት። 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚሰጠውን ድጎማ፣ ኤስኤስአይ የሚባለውን፣ አላገኘም። ለሕፃን ሲጠየቅ የሚታየው የወላጅ ገቢና ንብረት ስለሆነ የእኔና የባለቤቴ ደመወዝ አስከለከለው። 18 ሲሞላው ግን ሕጉ እሱን ብቻውን ያየዋል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የማውቃቸው አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ትንሽ ሳለ አንዴ «አይገባችሁም» ስለተባሉ ተመልሰው አልጠየቁም። ይጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2026 ሙሉው ክፍያ በወር 994 ዶላር ነው። ልጁ የቤት ወጪ ድርሻውን ሳይከፍል ከቤተሰብ ጋር ከኖረ እስከ ሲሶ ድረስ ሊቀነስበት ይችላል። ቀድሞ ዘመድ የሚያበላው ምግብም ይታሰብበት ነበር፤ ከሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ወዲህ ግን ቀርቷል። ከአንድ መሶብ ለሚበላ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሥራንም ሕጉ አይከለክልም። ልጄ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ይደረድራል። በወር 385 ዶላር ቢያገኝ የመጀመሪያው 85 ዶላር አይነካም፤ ከቀሪው 300 ግማሹ ብቻ ታስቦ ከድጎማው 150 ዶላር ይቀነሳል። ከሥራው በፊት ከነበረው በላይ በወር 235 ዶላር ይተርፈዋል። ይህን የደነገጉ ሰዎች ደግ አደረጉ።

ያንን የተረፈ ገንዘብ ማስቀመጥ ግን ያስቀጣል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በስሙ ያለው ገንዘብ ከ2,000 ዶላር ካለፈ የዚያ ወር ክፍያ አይገባውም፤ ከተከፈለውም «መልስ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። እኛ ባለንበት ሜሪላንድ ደግሞ ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የሕክምና ሽፋን የሚገኘው በዚሁ ድጎማ በኩል ስለሆነ፣ ድጎማው ሲቆም ሕክምናውም ያሳስባል። የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። ለቀብሩ እስከ 1,500 ዶላር ለይቶ ማስቀመጥም ይችላል። ለኑሮው ግን አይችልም።

ይህ 2,000 ዶላር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ቢያድግ ኖሮ ዛሬ ከ5,000 በላይ በሆነ ነበር። ልጄ እንደ እህቱ እቁብ ልጣል ሲለኝ ዕጣው ሲወጣለት ምን እንደሚከተል ማስረዳት ነበረብኝ። ሲመረቅ አክስቶቹና አጎቶቹ በእጁ ያስጨበጡት ብር፣ ሕጉ ዘንድ ገቢ ነው። ወሩ ሊያልቅ ሲል የማያስፈልግ ዕቃ እየገዙ ገንዘብ የሚጨርሱ እናቶች አውቃለሁ። ስደት የመጣነው ልጆቻችን ነገን እንዲያስቡ ነው፤ ይህን ልጅ ግን በመንግሥት ትእዛዝ ነገን እንዳያስብ እያሳደግነው ነው። ስህተት ነው፣ ግፍም ነው።

አንድ መውጫ አለ። በ2014 በወጣ ሕግ ኤብል የሚባል የቁጠባ አካውንት ተፈቅዷል። እዚያ ከገባው ገንዘብ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስኤስአይ አይቆጠርም፤ ዘመድ በቀጥታ እዚያ ያስገባለትም የልጁ ገቢ አይባልም። ቀድሞ የሚፈቀደው ጉዳቱ ከ26 ዓመቱ በፊት ለጀመረው ብቻ ነበር፤ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ዕድሜው ወደ 46 ከፍ ብሏል። በጎልማሳነት በመኪና አደጋ ወይም በስትሮክ የተጎዱ ወገኖቻችን ብዙዎቹ አሁን ይገባቸዋል፤ ንገሯቸው።

ኤብል ግን ለሁሉም አይደርስም። ጉዳቱ በ50 ዓመቱ የጀመረበት ሰው አሁንም ከ2,000 ዶላሩ በታች ነው የሚኖረው። በ2023 የኦሃዮው ዴሞክራት ሴናተር ሼሮድ ብራውንና የሉዊዚያናው ሪፐብሊካን ቢል ካሲዲ ጣሪያውን ወደ 10,000 የሚያሳድግ ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ከሁለቱም ፓርቲዎች ደጋፊ ያለው ነገር ሰሚ ያጣው፣ ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ድምፅ ስላልተሰማ ይመስለኛል።

ዜግነት ያላችሁና የምትመርጡ ወገኖቼ፣ ለኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ደውሉ፤ ስለ ኤስኤስአይ የቁጠባ ጣሪያ አቋሙን ጠይቁ። ለምርቃት የተጠራችሁ ዘመዶች ደግሞ ለልጁ ብር ከማስጨበጣችሁ በፊት እናቱን የኤብል አካውንቱን ጠይቋት።