ሞተሯ ለምን እምቢ አለች?

እኛ ስለ ሞተር አራት ዓመት ሙሉ የተማርን ሰዎች ነን፡፡ ቶርኩን በወረቀት እናሰላለን፤ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ዓይናችንን ጨፍነን እንሥላለን፡፡ ፈተናውንም አልፈናል፡፡ ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከተሰበረ የልጅ መጫወቻ መኪና ላይ ሞተር ነቅለን፣ አርዱይኖ ኡኖ የምትባለው ሰሌዳ ፒን ላይ በሁለት ሽቦ አገናኝተን «ዙሪ!» ስንላት ምን አለችን? ዝም!

እንደ ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ የወቀስነው ኮዱን ነበር፡፡ ሰረዝን፣ ደለዝን፣ ከኢንተርኔት የሌላ ሰው ኮድ ገልብጠን ጫንን፡፡ ሞተሯ ንቅንቅ አላለችም፡፡ ጭራሽ ያገናኘንባት ፒን ሞተች፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ የኡኖ አንዷ ፒን ያለ ጭንቀት የምትሰጠው 20 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ 40 የመጨረሻ ጣሪያዋ ነው፡፡ ትንሿ የመጫወቻ ሞተር ግን ስትነሳ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ አምፔር ትጠይቃለች፡፡ ማይክሮኮንትሮለር እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው፡፡ እጁን ሲያወዛውዝ አይሱዙው ይነሳል እንጂ ራሱ አይገፋውም፡፡ እኛ ፖሊሱን አይሱዙ አስገፋነው!

መፍትሔው ሦስት ትንንሽ ዕቃ ነው፡፡ አንደኛ፣ ቲፕ 120ን የመሰለ ትራንዚስተር፡፡ ሞተሯ ጉልበቷን ከራሷ ባትሪ ትወስዳለች፣ ትራንዚስተሩ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ይሆናል፡፡ ሁለተኛ፣ በፒኗና በትራንዚስተሩ ቤዝ መካከል የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፡፡ ሦስተኛ፣ ከሞተሯ ጎን በግልባጭ የሚታሰር ዳዮድ፤ 1ኤን4007 ይበቃል፡፡ ሞተር ድንገት ሲቋረጥ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ከፍተኛ ቮልቴጅ መልሶ ይተፋል፡፡ ዳዮዱ ከሌለ የሚቀምሰው ትራንዚስተሩ ነው፡፡ አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ የባትሪው ግራውንድና የሰሌዳዋ ግራውንድ መገናኘት አለባቸው፡፡ እኛ እሷን ረስተን አንድ ሌሊት ሙሉ ኮድ ስናርም አድረናል፡፡

ከዚያ በኋላ ኮዱ የሁለት መስመር ጉዳይ ነው፡፡ ፒን 9ን መውጫ አድርጉ፣ ከ0 እስከ 255 ቁጥር ስጧት፡፡ 128 ስትሏት ቮልቴጁን ቀነሰችው ማለት አይደለም፤ በሴኮንድ 490 ጊዜ ያህል እያበራች ታጠፋለች፣ ግማሹን ጊዜ ብቻ ታበራለች፡፡ ሞተሯ ይህን በዝግታ መዞር አድርጋ ትተረጉመዋለች፡፡ 40 ብትሏት ምናልባት እያቃሰተች ትቆማለች፤ መጀመሪያ በ255 አስነሥታችሁ ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጉ፡፡ ወደፊትም ወደኋላም ትዙር ካላችሁ ኤል298ኤን የተባለውን ድራይቨር ፈልጉ፡፡ ግን ወደ 2 ቮልት ገደማ ለራሱ እንደሚበላ እወቁ፤ በ6 ቮልት ባትሪ ሞተሯ የሚደርሳት 4 ያህል ነው፡፡

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራነው ሞያችንን ለማሳየት አይደለም፡፡ የሚቆጨን ሌላ ነው፡፡ ይህን ትምህርት ያገኘነው በአራተኛ ዓመታችን፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከአንድ የሞተች ፒን ነው፡፡ ለምን በመጀመሪያው ዓመት አልሆነም? አንድ ሞተር፣ አንድ ትራንዚስተር፣ አንድ ዳዮድ ለተማሪ መስጠት ትምህርት ቤትን ያከስራል? «ቀመሩን ሳያውቁ ዕቃ ያበላሻሉ» የሚሉን መምህራን አሉ፡፡ እውነት ነው፣ እናበላሻለን፡፡ ግን በ6 ቮልት ባትሪ የምናበላሸው የሳንቲም ዕቃ ነው፡፡ ዲግሪ ይዘን፣ ፋብሪካ ገብተን፣ ሽቦ መንካት ስንፈራ የሚበላሸው ግን ዕድሜያችን ነው፡፡

እናንተም አስተማሪ አትጠብቁ፡፡ ከተበላሸ ፕሪንተር ወይም ከሲዲ ማጫወቻ ሞተር ንቀሉ፤ ከመንቀላችሁ በፊት ግን ከመብራት ንቀሉት! የአርዱይኖ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ አንዴ ከጫናችሁት ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፡፡ ሰሌዳውን መግዛት ካልቻላችሁ ቲንከርካድ ላይ በነፃ በምስል ሞክሩት፡፡ ሮቦት እንሠራለን ብላችሁ አትጀምሩ፡፡ አንዲት ሞተር አዙሩ፣ አቁሙ፣ ለምን እንደዞረች ለጓደኛችሁ አስረዱ፡፡

የእኛዋ አሁን ትዞራለች፡፡ የሞተችዋን ፒን ግን ምልክት አድርገንባት ትተናታል፤ የመጀመሪያዋ መምህራችን ናትና፡፡

ቸር እንሰንብት!