ፖሊስን የሚመክር፣ በጀቱ ከፖሊስ እጅ ይውጣ

ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የሐዋሳን አስተዳደር ለመለወጥ የታሰበውን ተቃውመው የወጡ የሲዳማ ሰላማዊ ሰልፈኞች ሎቄ ላይ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ወደቁ። ይህ የሆነው «አፊኒ?»፣ ሰምታችኋል ወይ፣ ተባብሎ በሶንጎ ነገር የሚፈታ ሕዝብ ባለበት ምድር ነው!

ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ የሚባለውን እኛም እንደግፋለን። ነገር ግን ሽማግሌው ለትራንስፖርቱ እንኳ የአዛዡን እጅ የሚያይ ከሆነ እንዴት አድርጎ ይገሥጸዋል?

ከተመረጥን በየክፍለ ከተማው ነዋሪው በምስጢር ድምፅ የሚመርጠው የፖሊስ አማካሪ ቦርድ በሕግ እናቋቁማለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ፖሊስን የማደራጀት ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል፤ ሲዳማም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ክልል ነውና ሰበብ የለም። በጀቱን የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃል፤ ሒሳቡ በየቀበሌው ይለጠፋል። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው አብሮ ይቀመጥበታል። ቦርዱም አዛዡን ሳያስፈቅድ ጣቢያ ገብቶ እስረኛ ይጠይቃል።