የቤት ቃሎች፤ መደብ

በባላገር ቤት ያደገ ሰው መደብን ሳያውቅ አይቀርም። ከግድግዳው ጋራ ተያይዞ በድንጋይና በጭቃ የሚሠራ፥ ጭድ በገባበት ጭቃ ከተመረገ በኋላ በእበት የሚለቀለቅ፥ ከፍታውም ከጉልበት ብዙ የማያልፍ ነው። ቀን ይቀመጡበታል፤ ሌሊት ቁርበት ወይም ሰሌን አንጥፈው ይተኙበታል። ሕፃን ቢወድቅበትም የሚወድቀው ከቤቱ ወለል ላይ ስለ ሆነ ጥቂት አልቅሶ ዝም ይላል።

ቃሉ «መደበ» ከሚለው ግሥ ጋራ ፊደሉ አንድ ነውና ብዙ ቦታ ይገባል። አትክልተኛ ችግኝ የሚያፈላበትን መሬት መደብ ይለዋል። በጉልት ገበያ ሽንኩርቱ ተከምሮ የሚሸጠው በመደብ ነው። የሥራ መደብን ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ «የመደብ ትግል» ያልተባለበት ስብሰባ ጥቂት ነበረ። ስለዚህ ዛሬ የከተማ ልጅ ቃሉን እየሰማ መቀመጫውን አያውቀውም። አያቱ ግን የሚያውቁት መቀመጫውን ነው።

ከዚህ የተነሣ በምናውቀው ቤት አንድ ነገር ሊደርስ ነበር። አንዲት ባልቴት ልጃቸውን ለመጠየቅ ከገጠር መጥተው አራተኛ ፎቅ ላይ አረፉ። የመስኮቱ ደፍ ሰፊ ሆኖ ቢያገኙት ነጠላቸውን አነጠፉበትና የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን «ና የኔ ጌታ፥ መደቡ ላይ ውጣ» አሉት። መስኮቱ ክፍት ነበረ። እናቲቱ ከማድ ቤት ደርሳ ልጁን በልብሱ ባትይዘው ኖሮ ወሬው ሌላ በሆነ ነበር።

ባልቴቷን መውቀስ አይገባም። በእርሳቸው አገር ከግድግዳ ወጣ ብሎ የተሠራ ነገር ሁሉ ለመቀመጫ ነው። ይሁን እንጂ የመስኮት ደፍ መደብ አይደለም፤ የበር ደፍ እንኳ ይሻገሩታል እንጂ አይቀመጡበትም። ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው አልጋውንና ወንበሩን ከመስኮት ያርቅ፤ መስኮቱንም በብረት ያሳጥር። ከገጠር ለመጣ ዘመድ ደግሞ ይህን በመጣበት ቀን በትሕትና መንገር ነውር የለበትም።

ባልቴቷ በማግሥቱ ሳጥናቸውን ከመስኮቱ ራቅ ካለው ግድግዳ ጥግ አስጠግተው ምንጣፍ አነጠፉበት። ልጁም ከዚያ ወዲያ መደብ የሚለው እርሱን ነው።